ሴቶቻችን አይወጡም

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ ሥራ በራሴ ላይ ጫንኩ።

መሥሪያ ቤታችን ለከተማው ሰው የሚሆን የካምፕና የመዝናኛ ሥፍራ ሊያዘጋጅ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበት፣ ልጅ የሚሯሯጥበት፣ ሰው አየር የሚቀበልበት። ሁለት ቦታ ታጭቷል። አንዱ ሐኪም ጋራ ላይ ያለው ሜዳ ነው፤ ሁለተኛው ድሬ ጠያራ ያለው የግጦሽ መስክ። ሁሉም የመሰለውን ሲያወራ ቆየና እኔ እጄን አነሳሁ። «ማን ወጥቶ ይዝናናል፣ ማንስ ቤት ይቀራል የሚለውን ሳናጠና ቦታ ብንመርጥ ፍትሐዊ አይሆንም። ዳታ ይሰብሰብ» አልኩ። አለቃችን አቶ አባይነህ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ጥሩ ብለሻል፣ ናዝራ። በይ አንቺው ያዢው» አሉ።

ካርታ የምትሠራው ሥርጉት ስንወጣ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ዝም ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?»

ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኛል። እስከ ዛሬ ሌላው ያሰበውን ስደምርና ስቀንስ ነው የኖርኩት፤ ይኼ የራሴ ነው። አቶ አባይነህ ጥናቱ ካማረ አዲስ አበባ ለሚሰጠው ሥልጠና ስሜን እንደሚያስገቡ ፍንጭ ሰጥተውኛል። ለሱ ብዬ ግን አይደለም።

ይኼንንም ደብተር ዛሬ ጀመርኩ። ቤት በቋንቋችን እናወራለን፤ መጻፍ የለመድኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ ምስጢሬም በአማርኛ ይሁን።

ሐሙስ፣ ጥር 15

እናቴ ሐኪም ጋራ ውላ መጣች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ ቀሚሷ ላይ ሣር ተሰክቷል፤ ገና ከበሩ «የሐጂያ ሳዳን ጉድ ልንገርሽ!» እያለች ነው የገባችው።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ይህች ሴት ከመደቡ ላይ አትነሳም ነበር። የሐዘን ጊዜዋ፣ ዒዳዋ፣ ካለቀ በኋላ እንኳ የሱ መቀመጫ አጠገብ ቁጭ ብላ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ትውላለች። «እናቴ፣ ምሳ» ስላት «እሺ» ትላለች፤ አትበላም። ያስነሷት ሐጂያ ሳዳ ናቸው፣ የአፎቻ ጓደኛዋ። አፎቻቸው በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት የሴቶች ማኅበር ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ተሰባስበው ሐኪም ጋራ ይወጣሉ። ስሙ ዚያራ ነው። እውነትም እዚያ የተቀበሩት ሸኽ መቃብር ዘንድ ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዱዓው ግን ብዙ አይፈጅም። የቀረውን ቀን ሜዳው ላይ፣ ሾላው ሥር ናቸው። ሻሻቸውን ይፈታሉ፣ በጀርባቸው ይንጋለላሉ፣ በፔርሙዝ የያዙትን በወተት የፈላ ሆጃ እየጠጡ እስኪበቃቸው ሰው ያማሉ። ወንድ ድርሽ አይልም። እኔም በልጅነቴ ያንን ቁልቁለት እየተንከባለልኩ ነው ያደግኩት።

በዓመት አንዴ፣ ከረመዳን በኋላ የሚከበረው ሸዋሊድ ካለፈ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ እዚያው ያድራሉ። ሸራ ይወጥራሉ፣ ፍራሽ ያነጥፋሉ፣ ዚክሪ፣ የአላህን ውዳሴ፣ እያሉ ያነጋሉ። ፍራሹን በጓደኛው ፒክአፕ ጭኖ የሚያደርስላቸው ታላቅ ወንድሜ ዐብዱልዋሲዕ ነው። ዘንድሮ የመደገሱ ተራ የእናቴ ነው። ገና ረመዳን ሳይገባ ስለ ሩዙና ስለ ሥጋው ታወራለች፤ ማንን ከማን አጠገብ እንደምታስተኛ ሳይቀር አስባበታለች።

አልሐምዱሊላህ። እናቴ ተመልሳልኛለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ዳታ ሰብሳቢዎቹን አሠለጠንኩ። «ቤት ያገኛችሁትን አባወራ ጠይቁ። ያለውን ጻፉ። አትከራከሩ፣ አትጨምሩ፣ አታርሙ።» ይቺን እየደጋገምኩ አስጠናኋቸው።

ሥርጉት እጇን አወጣች። «በግንቡ ውስጥ ያሉትን የጁገል ሴቶች ለብቻቸው፣ ሴት ሆነን ብንጠይቃቸውስ?»

«ጊዜ የለንም። ረመዳን ሳይገባ ማለቅ አለበት።»

«አንቺ ታውቂያለሽ እንግዲህ፤ ሰፈሩ ያንቺ ነው።»

አዎ፣ የኔ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 30

የኛ ሰፈር ተራ ዛሬ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ስለሆነ ወንዶቹ በየቤቱ ጫታቸውን ይዘው በርጫ ላይ ናቸው፤ ሴቶቹ ወይ አፎቻ ወይ ገበያ። ሥርጉት ራሷ ታብሌቷን ይዛ በራችንን አንኳኳች። ዐብዱልዋሲዕ ጉንጩን እንደወጠረ ወጣ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«ከዚህ ቤት ሴቶች ለመዝናናትም ይሁን ለማረፍ ወደ ሜዳ፣ ወደ ጋራ የሚወጡ አሉ?»

«የኛ ቤት ሴቶች አይወጡም።»

«በሳምንት አንዴም?»

«አልኩሽ እኮ እህቴ፣ አይወጡም!»

ትናንት ባጃጅ ይዞ ጋራው ድረስ የሸኛት ራሱ ነው! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሻርፔን ነከስኩ።

ወንድሜ ውሸታም ሆኖ አይደለም። የኛ ሰፈር ወንድ የቤቱ ሴቶች የት እንደሚውሉ ለማያውቀው ሰው አይናገርም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያደርሳል፣ ማንም አይናገርም። አባቴም ቢኖር ያንኑ ነበር የሚለው።

ሥርጉት በመጋረጃው ክፍተት አይታኝ ቅንድቧን አነሳች። ምን ልጻፍ ማለቷ ነው። እንዳለው ጻፊ አልኳት በእጄ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለቤቴ ብዬ ላፈርሰው ነው?

ማታ ለእናቴ ሳጫውታት በሳቅ ፈረሰች። «ታዲያ ምን ይበል? እናቴ ጃሚላ እዛ ላይ በጀርባዋ ትንጋለላለች ይበል?»

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ድሬ ጠያራ ዋልን። ሙሜ የሚባል ገበሬ መስኩን ዳር እስከ ዳር አዞረን። ከብቱ የሚሰማራበት እዚህ፣ ወጣቱ ኳስ የሚጫወትበት እዚያ፣ ሠርግ ሲኖር ዳስ የሚጣልበት፣ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አረፍ የሚሉበት። ሚስቱ ከጎኑ ሆና የረሳውን ታስታውሰዋለች። «ሁሉንም ጻፉልኝ» አለ። «ካልተጻፈ ነገ መጥተው ባዶ መሬት ነው ይሉናል።»

«ኢንሻአላህ ይጻፋል» አልኩት። ተጽፏል።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ካርታው ወጣ። ሴቶች የሚወጡበትን ሰፈር ሥርጉት በአረንጓዴ ቀብታዋለች። ድሬ ጠያራ ደማቅ አረንጓዴ። አዲሱ ከተማ ገርጣ ያለ። ጁገል ነጭ፤ ከግንብ እስከ ግንብ ነጭ።

«ካንድ ቤት እንኳ አንዲት ሴት አትወጣም እንዴ?» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ዳታው የሚለው ነው።»

ደንግጫለሁ። የኛ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር የሳቅኩት። ለካ ቤቱ ሁሉ እንደኛ ቤት ነው የመለሰው።

በኋላ ግን ሻይ ጠጥቼ ስረጋጋ ነገሩን አገላብጬ አየሁት። ይኼ እኮ ይጠቅመናል። ነጩ ቀለም የጁገል ሴት ማረፊያ ተነፍጋለች ነው የሚለው። ፍትሕ ከተባለ እንግዲህ ሥፍራው ለሷ ቅርብ በሆነው በሐኪም ጋራ ይሠራ። ጥርት አድርጌ ጻፍኩት፦ «ከሁሉ ይልቅ የተገለሉት የጁገል ሴቶች ናቸው።» መጸዳጃ ቤት ይሠራላቸዋል፣ ውሃ ይገባላቸዋል። እናቴም በዚህ ዕድሜዋ ቁጥቋጦ ከመፈለግ ትድናለች። ማንን ጎዳሁ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አቶ አባይነህ ሪፖርቱን ሁሉም ፊት አነሱት። «ፍትሕ በቁጥር ሲገለጽ እንዲህ ነው» አሉ። ሐኪም ጋራ ተመረጠ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አልቆ ስታየው ትደነቅ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ንድፉ መጣ።

አጥር። ሜዳው ዙሪያውን ይታጠራል። በሩ አንድ ነው፣ በመኪና መንገዱ በኩል፤ ዘበኛ ይቆማል፣ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ይከፈላል። ሾላው ሥር ካፌ። ማደር የሚቻለው እዚያው በሚከራዩት ድንኳኖች ብቻ ነው፤ ሸራም ፍራሽም ይዞ መግባት ክልክል። ወደ መቃብሩ የሚወስደው የእግር መንገድ ከአጥሩ ውጭ ስለሚቀር «ዚያራው አይነካም» ይላል። የሰነዱ መግቢያ ላይ የኔ ዓረፍተ ነገር በወፍራም ፊደል ሰፍሯል፤ ከሁሉ ይልቅ የተገለሉት።

ደግሜ አነበብኩት። ሐጂያ ሳዳ አስተናጋጅ ፊት ሻሻቸውን ፈትተው ሲንጋለሉ ለማሰብ ሞከርኩ። እናቴ በሩ ላይ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ለማሰብ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ፈራሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

«ዳታው ላይ ስህተት ያለ ይመስለኛል» አልኳቸው ለአቶ አባይነህ።

«ማን ሰበሰበው?»

«እኛ።»

«ማን አረጋገጠው?»

«እኔ።»

እስክሪብቷቸውን አሽከረከሩ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ አይደሉም። ተቀመጪ አሉኝና የምፈራውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሐሙሱን፣ አዳሩን፣ ወንዶቹ ለምን እንደዚያ እንደመለሱ። የራሴን ቤት ግን አልጠቀስኩም። እንዲሁ «የሰፈሩ ሴቶች» አልኩ።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ይኼን ጥናት ብሰርዘው ሥፍራው ድሬ ጠያራ ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች መስካችንን እንጠቀምበታለን ብለው በአፋቸው ነግረውሻል። ምን ብዬ ነው የምነጥቃቸው? ረመዳን ውስጥ የሕዝብ ውይይት አለ። ከጁገል አንድ ሰው ተነስቶ ሴቶቻችን በሜዳው ይጠቀማሉ ይበል፤ አንድ ሰው ይበቃኛል። ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሬ አስቆመዋለሁ። ያለዚያ እጄ የታሰረ ነው።»

አንድ ሰው። አንድ ሰው አይጠፋም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ረመዳን ገባ። ለዐብዱልዋሲዕ አፍጥር ላይ ልነግረው ነበር። ርቦት ነበርና ይብላ አልኩ። በላ። ተራዊሕ ሊሰግድ ሄደ።

ነገ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ነገርኩት። ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ጨርቁን እየጠቀለለ ሳለ።

«ስብሰባው ላይ ተነስተህ እናቴ ትወጣለች በል።»

«ማን ፊት?»

«ሰው ፊት ነዋ!»

«አብደሻል እንዴ? ሽማግሌው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እናቴ ሜዳ ላይ ታድራለች ልበል?»

«ፍራሹን የምታደርሰው አንተ አይደለህ?»

«ማድረስና መናገር አንድ ነው?» ጠቅልሎት የነበረውን ጨርቅ ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ። «ደግሞ ያቺን ልጅ ታብሌት አስይዘሽ ደጄ ላይ የላክሻት አንቺ ነሽ። እዚያ መጋረጃ ኋላ ቆመሽ አልነበር? ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

ተናድጄ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ በልቤ ስሰድበው መጣሁ፤ ሰነፍ፣ ፈሪ፣ ለሰው ዓይን የሚኖር። ደረጃው ላይ ስደርስ ስድቡ አለቀብኝ።

እሑድ፣ የካቲት 30

እናቴና ሐጂያ ሳዳ ሳምቡሳ ሲጠቀልሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነገሩን አነሳሁት። ሜዳው ሊታጠር እንደሆነ። ከሴቶቹ አንዷ ስብሰባው ላይ መጥታ ብትናገር እንደሚቀር።

የእናቴ እጅ ቆመ። ሊጡ እንደተያዘ።

ሐጂያ ሳዳ ሳቁ። «እኔ? እዚያ ወንድ መሐል ማይክ ይዤ? ባሌ አይወጡም ብሎ ያስጻፈውን፣ እኔ ተነስቼ ውሸታም ነው ልበል? ቤቴን ላፍርስ?»

«ለሜዳው ሲባል—»

«አንቺ ልጅ፣ ሜዳ ተገኝቶ ባል ሲጠፋ ማን ያደርሰናል?» አሉ። ግን ሳቃቸው ብዙ አልቆየም። ቆይተው «አላህ ያውቃል» ብለው ቀጣዩን ሳምቡሳ አጠፉ።

እናቴ «ያኔ የሳቅንበት ጥያቄ ነው ይኼን ያመጣው?» አለች።

«አይ፣ እሱ ሌላ ነው» አልኩ።

ጾመኛ ሆኜ ነው የዋሸኋት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ስብሰባው ዛሬ ነበር። አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከጁገል የመጡት ሁሉም ወንዶች። ዐብዱልዋሲዕ መሐል ላይ ተቀምጧል። አይመጣም ብዬ ነበር፤ ሲመጣ ሳየው ተስፋ አደረግኩ። አቶ አባይነህ ቃላቸውን ጠበቁ። «ከጁገል የመጣችሁ ወገኖች፣ የቤተሰባችሁ ሴቶች በዚህ ሜዳ ይጠቀማሉ?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ደግመው ጠየቁ። ያው ነው። ከዚያ ወደኔ አዩ።

ተነሳሁ። «የጥናቱ ውጤት የጁገልን ሴቶች በትክክል…» ብዬ ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ዞር ብለው አዩኝ። ድምፃቸው የዋህ ነበር፤ የተቆጡ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እበረታ ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

የአባቴን ስም ተናገርኩ።

«አላህ ይዘንለት! ወዳጄ ነበር። ታዲያ የሱ ቤት ሴቶች ሜዳ ያድራሉ ነው የምትዪን?»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ወደኔ አይደለም የዞሩት፤ ወደ ዐብዱልዋሲዕ ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ጆሮው ቀልቷል። አባቴ በሞተ ዕለት ቀባሪው ሁሉ እያየው እንዲሁ ነበር የቆመው።

«አይ» አልኩ። «የኛ ቤት ሴቶች አይወጡም።»

ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው «ማሻአላህ» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የጁገል ተወላጅ የሆነችው ባለሙያም አረጋግጣለች» ተብሎ ሰፈረ። ሥርጉት ከጎኔ ሆና የውሃ ጠርሙሷን ልትሰጠኝ ዘረጋችና ጾመኛ መሆኔ ትዝ ሲላት መለሰችው።

ዐብዱልዋሲዕ ማታ ቴምር ገዝቶ መጣ፣ የምወደውን ዓይነት። እናቴ ፊት «ለናዝራ ነው» አለ። በላሁት። ምን ላድርገው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

የአጥሩን ብረት ተከሉ። ከቢሮ መስኮት ጋራው ይታያል፤ ብረቱ አይታይም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ስመለከት ዋልኩ።

አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ደብዳቤ እጽፍ ይሆናል። ለማን?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

እናቴና ሐጂያ ሳዳ ለዱዓ ወጥተው ቶሎ ተመለሱ። ሠራተኞቹ «እናቶች፣ በዚያ በኩል» ብለው በእግር መንገዱ ልከዋቸዋል። በትሕትና ነው አሉ፤ አንዱማ የእናቴን ዘንቢል ይዞላት ነበር።

«ዱዓ አደረጋችሁ?» አልኳት።

«አደረግን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጣን።»

ድስቱን ጣደች። እኔን ሳታይ ሽንኩርት ከተፈች።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ። እንግዳ በእንግዳ ሆነናል። ሁሉም «መዝናኛ ሊከፈትላችሁ ነው አሉ፣ መብሩክ!» ይለኛል። ዐብዱልዋሲዕ ለእናቴ አትላስ ቀሚስ ሰጣት፤ አረንጓዴ፣ በጣም የሚያምር። «የት ልለብሰው ነው?» አለች። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

የአዳሩ ቀን ዛሬ ነው።

ሐጂያ ሳዳ «ዋናው መሰባሰቡ ነው፤ ጃሚላ ግቢ ይሁን» ብለው ስለወሰኑ ሴቶቹ ወደኛ መጡ። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ሩዙ ተሠራ፣ ሥጋው ተሠራ፣ ፍራሾቹ ግቢው ላይ ተነጠፉ። ፒክአፕ አላስፈለገም። ዐብዱልዋሲዕ ሱቅ ቆየ፤ መምጣት ፈርቶ ነው።

ግቢያችን ጠባብ ነው። ፍራሾቹ እርስ በርስ ተደራርበው ግማሾቹ ሴቶች ተጣጥፈው ነው የተቀመጡት። ሻሻዋን የፈታች የለችም፤ ከላይ የጎረቤት መስኮት አለ። ዚክሪውን ሲጀምሩ ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ አንድ ወንድ ሲስል ተሰማ። ድምፃቸውን ቀነሱ። ቆይቶ ደግሞ ሕፃን አለቀሰና ጨርሰው ተዉት። ከዚያ አንዷ «የልጆቹ እራት» አለች፤ ሌላዋ «ጠዋት ገበያ አለብኝ» አለች። ከዒሻ ሶላት በኋላ ሐጂያ ሳዳ ብቻ ቀሩ። እሳቸውም እናቴን ጉንጯን ስመው፣ «ለሚቀጥለው ዓመት አላህ ያውቃል» ብለው ሄዱ።

እናቴ ከነቀሚሷ ባዶው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ልቀመጥ ብዬ ስጠጋ «ሩዙ እንዳይበላሽ ወደ ውስጥ አስገቢው» አለችኝ።

አስገባሁት። ጓዳ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ድስቱን ይዤ ነው ያለቀስኩት፣ ወደ ግቢው ለመመለስ ድፍረት አጥቼ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሥፍራው ተከፈተ። ፎቶው ቆንጆ ነው፤ ባለቀለም ድንኳኖች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች፣ ሾላው ላይ አምፖል ተንጠልጥሎበታል። ሰው ደስ ብሎታል። ደስ ያለው ሰው ምን አጠፋ?

ሥልጠናው ተፈቀደልኝ። ለክረምት ነው። እናቴ «መብሩክ» አለች። እናቴ ሰሞኑን እንደ ድሮዋ ሆናለች። ምሳ ስላት «እሺ» ትላለች። ድካም ይሆናል፤ ረመዳኑ አድክሟት ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

መሥሪያ ቤቱ «ከተከፈተ በኋላ ምን ለውጥ መጣ?» የሚል ሁለተኛ ዙር አዟል። ጥያቄዎቹ ያው የኔ ናቸው፤ «ባለፈው አንድ ወር» የሚለው ብቻ ተጨምሮባቸዋል። በዚህኛው ዙር ሴቶቹን ሴት ለብቻቸው ትጠይቃቸው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ጊዜ ነበረን።

ሥርጉት እኛ ቤት ስትመጣ ዐብዱልዋሲዕ ሱቅ ነበር። እኔ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። እናቴ ሥርጉትን አጠገቧ፣ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት።

«እማ ጃሚላ፣ ባለፈው አንድ ወር ለማረፍ ወይ ለመዝናናት ወደ ሜዳ፣ ወደ ጋራ ወጥተው ያውቃሉ?»

እናቴ ተናገረች።

«እወጣ ነበር፣ ልጄ። ሐሙስ ሐሙስ። ባሌ ሞቶብኝ ይኼ ቤት ሲጠበኝ እዛ ነበር የምተነፍሰው። ሣሩ ላይ እተኛለሁ። ሳዳ ታስቀኛለች። ደግሞ ማልቀስ ሲያምረኝ ፊቴን ወደ ዛፉ አዙሬ አለቅሳለሁ፤ ማንም ምን ሆንሽ አይለኝም፣ ሁሉም ተራ በተራ ያለቅሱ ነበር። እዚህ ቤት አላለቅስም። ልጆቼ ይሰሙኛል።»

ይኼን ለኔ ነግራኝ አታውቅም። ለመሳቅ ብቻ የምትሄድ ነበር የሚመስለኝ።

ሥርጉት ታብሌቱን ስትነካ፣ ስትተው ሰማሁ። «እማ ጃሚላ… ይኼ ከዚያ በፊት የነበረውን አይቀበልም። የሚሞላው ያለፈው ወር ብቻ ነው።»

«ያለፈው ወር? አይ። ያለፈው ወር አልወጣሁም።»

«ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ይቅርታ…»

«አውቃለሁ። ልጄ ናት» አለች እናቴ። ቁጣ የለባትም። «በይ እንዳልኩሽ ጻፊ፤ ኋላ እንዳትቆጣሽ።»

ሥርጉት ሄደች። እኔ ከክፍሉ የወጣሁት መግሪብ አዛን ካለ በኋላ ነው። እናቴ እራት አቀረበችልኝ። ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራን።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ንጽጽሩን ጨረስኩ። ፊተኛው ዙር፣ የጁገል ሴቶች፣ አይወጡም። ኋለኛው ዙር፣ አይወጡም። ሥርጉት አዲሱን ካርታ ስትሠራ ጁገል ላይ ቀለም መቀየር አላስፈለጋትም። የአሁኑ ዳታ ንጹሕ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው፣ ለብቻቸው ተጠይቀው፣ እውነቱን ነው የተናገሩት።

ፊተኛው ስህተት ነበር ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ። አንድ ገጽ ያህል ጽፌ ለአቶ አባይነህ ወሰድኩላቸው። ቆመው አነበቡት። «ናዝራ፣ ስብሰባው ላይ ተነስተሽ ያልሽው ቃለ ጉባኤ ላይ አለ እኮ» አሉ፣ በሐዘኔታ። ገጹን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ከዚያ ለማጠቃለያው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደሚቀር ነገሩኝ፤ ዛሬ መላክ አለበት።

እዚያው ጠረጴዛቸው ዳር ቆሜ ጻፍኩት። «ሥፍራው ከተከፈተ በኋላ በጁገል ሴቶች ላይ የታየ ለውጥ የለም።»

አነበቡትና ከዳታው ጋር አመሳከሩት። «ልክ ነው» አሉ። ፈረምኩ።